ስድስት ሳምንት ከአንድ የምሽት የስፖርት ፕሮግራም ጋር፦ ዜናው የራሱ፣ ትንታኔው የደጋፊዎች

ከኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ለስድስት ሳምንታት፣ በአዲስ አበባ ከሚደመጡት የኤፍኤም ጣቢያዎች በአንዱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምሽት የሚተላለፈውን የሁለት ሰዓት የስፖርት ፕሮግራም ከመግቢያ ሙዚቃው እስከ ስንብቱ አዳምጫለሁ፤ የቴሌግራም ቻናሉንም በየዕለቱ አንብቤያለሁ። ትንታኔ የሚቀርብበትን ክፍል በስልኬ እየቀዳሁ፣ በደጋፊዎች የቴሌግራም ግሩፖች ላይ ቀደም ብለው ከወጡ ጽሑፎች ጋር እያስተያየሁ ማስታወሻ ይዣለሁ። ጣቢያውንም ሆነ አዘጋጆቹን በስም አልጠራም። የምነቅፈው ልማድ በአንድ ፕሮግራም ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ስም ብጠራ ደግሞ ስድቡ የሚያርፈው ውሳኔው የእርሱ ባልሆነ አንድ ወጣት ሪፖርተር ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ።

ጥሩውን አስቀድማለሁ፤ ብዙ ነውና። የዜና ክፍሉ ፈጣንና የተጣራ ነው። አንድ ተጫዋች ሊዘዋወር ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ገና ያልተረጋገጠ መሆኑን ሳይናገሩ አያልፉም። የአገር ውስጥ ጨዋታ ባለበት ቀን ዘጋቢያቸው ከሜዳው ይደውላል፤ ከበስተጀርባው የደጋፊው ዝማሬ ይሰማል፤ የሜዳው ሣር ምን እንደሚመስልና የትኛው ተጫዋች እያነከሰ እንደወጣ ከአፉ እንሰማለን። የአትሌቲክስ ክፍሉ ደግሞ በእኔ ግምት በከተማችን ሬዲዮ ከሰማኋቸው ሁሉ የተሻለው ነው። በፈረንጆቹ ዓመት መገባደጃ ላይ ስለ ታምራት ቶላ የፓሪስ ኦሊምፒክ ድል ያቀረቡት ዝግጅት ለዚህ ምስክር ነው። ታምራት በጉዳት የቀረውን ሲሳይ ለማን ተክቶ ገብቶ ማራቶኑን በ2:06:26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ማሸነፉን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዘጋቢው ግን ከዚያ አልፎ አሰልጣኞችን አነጋግሮ፣ የፓሪሱ መንገድ ዳገቱና ቁልቁለቱ ለምን ብዙዎቹን እንዳደከመ፣ ተጠባባቂ ሆኖ በሙሉ ልብ መዘጋጀት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስረዳ። አንድ አድማጭ ደውሎ ስለ ልምምድ ቦታዎች ከፍታ ሲጠይቀው ሳያመነታ መለሰ፤ ያልተነገረ ሌላ ነገርም ጨመረለት።

ይህን ዝግጅት ያነሳሁት ያው ፕሮግራም የእግር ኳስ ታክቲክ ሲተነትን የሚሰማው ድምፅ ፈጽሞ ሌላ ስለሆነ ነው። የትንታኔው ክፍል በየምሽቱ ለሠላሳ ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ብዙ ማስታወቂያ የሚገባበትም እርሱ ነው፤ አቅራቢውም ዘወትር «እኔ ጨዋታውን እንዳየሁት» በማለት ይጀምራል። እኔም አድማጭነቴን የጀመርኩት በዚህ ክፍል ምክንያት ነው።

ኅዳር 25 ቀን ምሽት አርሰናል በሜዳው ማንቸስተር ዩናይትድን 2 ለ 0 አሸነፈ። ጨዋታው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5፡15 ላይ ነበር የጀመረው። ሁለቱም ግቦች ከማዕዘን ምት የተገኙ ስለነበሩ፣ ለዓመታት አባል በሆንኩበት የመድፈኞቹ (የአርሰናል) ደጋፊዎች ግሩፕ ውስጥ ስለ ቆሙ ኳሶች፣ ማለትም እንደ ማዕዘንና ቅጣት ምት ስላሉት፣ የምጽፈው እኔ በመሆኔ፣ እንቅልፌን ትቼ ሁለቱን ግቦች ደጋግሜ ተመለከትኩ። የመጀመሪያውን ደክላን ራይስ ከግራ በኩል አሻምቶት ዩሪየን ቲምበር ለመቺው ቅርብ በሆነው የግቡ ቋሚ በኩል በግንባሩ ያስቆጠረው ነው። ሁለተኛውን ቡካዮ ሳካ ከቀኝ አሻምቶት፣ ቶማስ ፓርቴ በሩቁ ቋሚ በኩል በግንባሩ መትቶት፣ ኳሱ ዊሊያም ሳሊባን ነክቶ ገባ። እኔ የጻፍኩት ሐሳብ ቀላል ነበር። አርሰናል ባለፈው የውድድር ዘመንና በመስከረም ወር ከቶተንሃምና ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ባደረጋቸው ጨዋታዎች ረጃጅሞቹ ተጫዋቾች በሩቁ ቋሚ በኩል ተሰባስበው ከቆሙ በኋላ ወደ አምስት ከሃምሳው ሲሮጡ ተመልካችም ተጋጣሚም ለምዶታል፤ ስለዚህ የዩናይትድ ተከላካዮች ዓይን ወደዚያ ሲሳብ ቅርቡ ቋሚ ላላ፤ ቅርቡ ቋሚ ከተመታ በኋላ ደግሞ ሩቁ እንደገና ተከፈተ። አንዱ ማዕዘን ምት ለሌላው መንገድ ይጠርጋል የሚል ነበር ድምዳሜዬ። ጽሑፉን ግሩፑ ላይ ስለጥፍ ሊነጋ ተቃርቦ ነበር።

በማግስቱ ምሽት ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የጻፍኩትን በሬዲዮ ሰማሁት። ሐሳቡ ብቻ ቢሆን ሁለት ሰው አንድ ጨዋታ አይቶ አንድ ነገር ሊያስተውል ይችላል ብዬ እተወው ነበር። ነገር ግን «አንዱ ማዕዘን ምት ለሌላው መንገድ ይጠርጋል» የሚለው አነጋገር እንዳለ ተነበበ፤ የአንቀጾቹም ቅደም ተከተል አልተለወጠም። ከዚህም በላይ ስህተቴ አብሮ ተነበበ። የቆሙ ኳሶች አሰልጣኙ ኒኮላስ ጆቨር ከማንቸስተር ሲቲ ወደ አርሰናል የመጣው በፈረንጆቹ 2021 ሲሆን፣ እኔ በድካም 2020 ብዬ ጽፌ ነበር፤ አንድ የግሩፑ አባል ጠዋት አርሞኝ አስተካክዬዋለሁ። በሬዲዮ የሄደው 2020 ነው። የብራና መጻሕፍትን የሚያጠኑ ሊቃውንት አንዱ መጽሐፍ ከየትኛው እንደተገለበጠ የሚለዩት ሁለቱ በሚጋሩት ስህተት ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ በዚያች ታክሲ ውስጥ ነገሩ በትክክል ገባኝ።

ስሜን መስማት ፈልጌ አዝኛለሁ የሚል ካለ አልክድም፤ ፈልጌ ነበር። ስድስት ሳምንት ያስቀመጠኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የስልክ መስመር ሲከፈት አንድ አድማጭ «ለምንድን ነው ሳካ ሁልጊዜ ከቀኝ፣ ራይስ ሁልጊዜ ከግራ የሚያሻሙት? ተቀያይረው ቢመቱ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም በጽሑፌ አራተኛ አንቀጽ ላይ ነበረ፦ ሳካ ግራ እግረኛ ስለሆነ ከቀኝ ማዕዘን የሚመታው ኳስ ወደ ግቡ ይታጠፋል፤ ራይስ ቀኝ እግረኛ ስለሆነ ከግራ ማዕዘን የሚመታው እንዲሁ ወደ ግቡ ይታጠፋል፤ እንዲህ ያለ ኳስ የማንንም አካል ቢነካ ሊገባ ስለሚችል ግብ ጠባቂው ከመስመሩ ለመውጣት ይገደዳል፤ በሚወጣበት መንገድ ላይ ደግሞ አርሰናሎች አስቀድመው ሰው አቁመዋል። አቅራቢው ይህን አንቀጽ ለጊዜ ማጠር ብሎ ሳይሆን አይቀርም አላነበበውም። ለጠያቂው የሰጠው መልስ «እንግዲህ የአሰልጣኙ ምርጫ ነው» የሚል ሆነ፤ ወዲያው ወደ ማስታወቂያ ተሻገረ። አድማጩ ስልኩን ከፍሎ ደውሎ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ በማስታወሻዬ ላይ በተደጋጋሚ ያሰፈርኩት ይህንኑ ነው። ትንታኔው ያለ ምንጭ ከተወሰደ ጽሑፍ በመጣበት ምሽት የስልክ ጥያቄዎቹ በአጭሩ ይዘጋሉ፤ አቅራቢው የተነበበውን በሌላ ቃል ይደግመዋል እንጂ አንድ እርምጃ አያልፈውም። በአንድ ምሽት ስለ መሐል ሜዳ ጫና የተነበበው ትንታኔ በማግስቱ ስለዚያው ቡድን ከተነበበው ጋር ፊት ለፊት ይጋጭ ነበር፤ ሁለቱ ከተለያዩ የደጋፊ ግሩፖች የመጡ ስለነበሩ ነው። ሁለት ደጋፊዎች መለያየታቸው ጤናማ ነው፤ ሐሳባቸው በየስማቸው ቢቀርብ ጥሩ ክርክር ይወጣው ነበር። በአንድ ሰው አፍ «እኔ እንዳየሁት» ተብሎ ሲቀርብ ግን አድማጩ ማንን እንደሚያምን ይጨነቃል። እንደ አገልግሎት ስመዝነው የክፍሉ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፦ ለአድማጩ የሚሸጥለት የአቅራቢው ዕውቀት ሆኖ ሳለ የሚደርሰው ሌላ ሰው ያሰበው ነገር ቁራጭ ነው፤ የቀረውን ቁራጭ የት እንደሚያገኘው እንኳ አይነገረውም።

የቴሌግራም ቻናሉ ከሬዲዮው የባሰ ነው። በግሩፓችን ውስጥ አንድ ወጣት አባል የጨዋታ ቅጽበቶችን በስክሪንሾት እያስቀረ፣ የተጫዋቾችን እንቅስቃሴ በቀስት እየሣለ፣ ከሥሩ ቅጽል ስሙን በትንሹ እየጻፈ ያቀርባል። ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱ ቅጽል ስሙ ያለበት ጠርዝ ተቆርጦ፣ በምትኩ የፕሮግራሙ ዓርማ መሐሉ ላይ ተለጥፎበት ቻናሉ ላይ ወጣ። ሬዲዮ ላይ ረሳሁት ማለት ይቻል ይሆናል። ጠርዝ ቆርጦ ዓርማ መለጠፍ ግን የሚረሳ ሰው ሥራ አይደለም።

ለፕሮግራሙ በአክብሮት ጻፍኩ። የመጣው መልስ «ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር የሁሉም ነው» የሚል ነበር። ይህ አባባል በብዙ የሚዲያ ባልደረቦች ዘንድ ስለሚሰማ ቆም ብሎ መመርመር ይገባዋል። ስለ ቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ራሱን አይጠብቅም፤ አርሰናል በቅርቡ ቋሚ በኩል አገባ ማለት የማንም ንብረት አይደለም፤ የጨዋታ ውጤትም፣ የግብ ብዛትም እንዲሁ። አዋጁ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መንገድ ነው፤ ሥራን ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስም ከባለቤቱ መብቶች አንዱ ነው። ከሌላ ሰው ሥራ መጥቀስን ደግሞ አይከለክልም፤ ምንጩና የጸሐፊው ስም ይገለጽ ይላል እንጂ። ፍርድ ቤት የመሄድ ሐሳብ የለኝም። የምለው፣ ሕጉ ራሱ ለጋዜጠኛው በሩን ሰፋ አድርጎ ከፍቶለት ሳለ በዚያ በር ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ስም መጥራት ብቻ ነው። ከሕጉም በፊት ልማዱ በአገራችን የቆየ ነው፦ በቅኔ ቤት አንድ የታወቀ ቅኔ ሲነገር የማን እንደሆነ አብሮ ይነገራል፤ ተማሪው የሌላውን ቅኔ በራሱ ስም ቢያቀርብ ከጓደኞቹ ፊት ያፍራል።

ነገሩ በአገር ውስጥ እግር ኳስ ላይ ሲሆን የበለጠ ያሳስበኛል። ስለ እንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ አንድ አቅራቢ የእኔን ቁጥር ባይወስድ የሌላውን ያገኛል፤ የእያንዳንዱን ቅብብልና ሙከራ የሚመዘግቡ ድርጅቶች አሉ። በእኛ ሊግ ግን ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ያለው በአንድ ደጋፊ ደብተር ላይ ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም የውድድር ዘመን ጨዋታዎቹ በኮሮና ምክንያት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ ሲካሄዱ አብዛኛው ደጋፊ የሚከታተለው በዲኤስቲቪ ነበር። አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግቦችን አስቆጥሮ በዮርዳኖስ ዓባይ ተይዞ የነበረውን የ24 ግቦች ክብረ ወሰን የሰበረው በዚያ ዓመት ነው። አንድ የማውቃቸው የቡና ደጋፊ፣ ጡረታ የወጡ አባት፣ እያንዳንዱ ግብ በየትኛው እግር እንደተመታ፣ ከአሥራ ስድስት ከሃምሳው ውስጥ ይሁን ከውጭ፣ የመጨረሻውን ኳስ ማን እንዳቀበለ በደብተር መዝግበው፣ ልጃቸው ፎቶ እያነሳች ግሩፑ ላይ ትለጥፍላቸው ነበር። ያ ዝርዝር በአንድ የስፖርት ፕሮግራም ላይ «ባደረግነው ጥናት» ተብሎ ቀረበ። እኚህ አባት አልተቆጡም፤ መጻፍ ግን አቆሙ። ከዚያ በኋላ ባሉት የውድድር ዘመናት እንዲህ ያለ መዝገብ በዚያ ግሩፕ ውስጥ አላየሁም። ጉዳቱ ለእርሳቸው ብቻ አይደለም። አቡበከር በፈረንጆቹ 2022 ወደ ደቡብ አፍሪካው ክለብ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ ስለ አጨዋወቱ ለመናገር የፈለገ ጋዜጠኛ ሁሉ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ መዝገብ ነበር፤ የሚቀጥለውን ወጣት አጥቂ የሚመዘግብ ግን ቀረ።

የጋዜጠኞቹን ችግር አላቃልልም። ብዙዎቹ የስፖርት ፕሮግራሞች የአየር ሰዓት ከጣቢያው እየገዙ የሚሠሩ ናቸው፤ ኪራዩን የሚከፍሉት በማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያውን የሚያፈላልገው፣ ዜናውን የሚተረጉመውና ማይክሮፎኑ ፊት የሚቀመጠው አንዳንዴ አንድ ሰው ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት አየር መሙላት ቀላል አይደለም። እኩለ ሌሊት ላይ የተጠናቀቀ ጨዋታን በማግስቱ በጥልቀት ለመተንተን ጨዋታውን ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ከየት ያመጣዋል? ደጋፊው ግን ያንን ጊዜ በፍቅር ስለሚሰጥ አለው። ስለዚህ ሁለቱ ቢተባበሩ የሚጠቀመው አድማጩ ነው፤ እኔም ተጠይቄ ቢሆን ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ቁጥሮቹን ጭምር በደስታ እሰጥ ነበር።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳልሆነ ከሌላው ዓለም ማየት ይቻላል። እንግሊዛዊው ማይክል ኮክስ በፈረንጆቹ 2010 ዞናል ማርኪንግ የተባለውን የታክቲክ ገጹን ሲከፍት የማንም ሚዲያ ባልደረባ አልነበረም፤ በኋላ ለታላላቅ ጋዜጦች በስሙ ጽፎ ዛሬ የዘ አትሌቲክ ጸሐፊ ነው። በፈረንጆቹ 2011 በተቋቋመው ስፒልፈርላገሩንግ በተባለው የጀርመንኛ ገጽ ላይ ጨዋታ ይተነትን የነበረው ሬኔ ማሪች ከአሰልጣኝ ማርኮ ሮዘ ጋር በሬድ ቡል ሳልዝበርግ ወጣት ቡድን ሠርቶ በፈረንጆቹ 2017 የአውሮፓ ወጣቶች ሊግን አሸነፈ፤ አሁን የአሰልጣኝ ቪንሰንት ኮምፓኒ ረዳት ሆኖ ባየርን ሙኒክ ውስጥ ይገኛል። አንድ ሙከራ ግብ የመሆን ዕድሉን በቁጥር የሚገልጸው፣ የሚጠበቅ ግብ የሚባለው መለኪያም የቢቢሲ የእግር ኳስ ፕሮግራም ማች ኦፍ ዘ ዴይ በፈረንጆቹ 2017 ለተመልካቹ ማሳየት ከመጀመሩ በፊት ለዓመታት ሲከራከሩበት የነበሩት ቁጥር የሚወዱ ተንታኞችና ደጋፊዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ወደፊት የሄዱት ሥራቸው በስማቸው ስለሚታወቅ ነው፤ ማሪች የጻፈው ሁሉ በአንድ አቅራቢ ስም ተነብቦ ቢሆን ኖሮ ማን ያገኘው ነበር? በእኛ ግሩፖች ውስጥ አንድ ክለብ ሊቀጥራቸው የሚገቡ ልጆች እንዳሉ እርግጠኛ ነኝ።

ለሐቅ ስል አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። የደጋፊ ግሩፖችም ከዚህ ጥፋት ንጹሕ አይደሉም። በእኛው ግሩፕ ውስጥ በእንግሊዝኛ የወጣ ትንታኔ ተተርጉሞ ያለ ስም ሲለጠፍ ቆይቷል፤ አንዳንዱ ከፍተኛ አድናቆት ተችሮታል። ከዚህ ጉዳይ በኋላ ተነጋግረን፣ የተተረጎመ ጽሑፍ የመጀመሪያው መስመር ላይ የጸሐፊውን ስም ካልያዘ እንዲነሳ ወስነናል። ደንቡ ከወጣ ወዲህ የጽሑፎቹ ቁጥር ቀንሷል፤ ከሥራቸው የሚደረገው ውይይት ግን ረዝሟል፤ አንባቢው ዋናውን ጽሑፍ ፈልጎ አንብቦ ስለሚመጣ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ፕሮግራሙ አንድ ለውጥ አሳየ። አቅራቢው አንድ ትንታኔ ካነበበ በኋላ «ከማኅበራዊ ሚዲያ ያገኘነው ነው» አለ። ለውጡን አመሰግናለሁ፤ የሚበቃ ግን አይደለም። ማኅበራዊ ሚዲያ ሰው አይደለም፤ ጽሑፍም አይጽፍም። የጸሐፊው እውነተኛ ስም ባይታወቅ ቅጽል ስሙ አለ፤ ቅጽል ስሙ ለአየር የማይመች ቢሆን የግሩፑ ስም አለ፤ ከጋዜጣ ሲያነቡ «እንደ ጋርዲያን ዘገባ» ማለትን አንድም ቀን ረስተው አያውቁም። ለታላቅ ጋዜጣ የሚሰጠው ክብር ለአንድ የመርካቶ ልጅ ለምን ይነፈጋል?

እንግዲህ ፕሮግራሙን ልስማው ወይስ ልተወው ለሚል ሰው የምመክረው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ሠላሳ ደቂቃ፣ ማለትም የዜናውን ክፍል፣ ይስማው፤ ከሥራ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘሁም። የአገር ውስጥ ጨዋታ ባለበት ቀን ከሜዳ የሚገባውን ዘገባ እንዳያመልጠው። የአትሌቲክስ ዝግጅታቸውን፣ በተለይም ዘጋቢው አሰልጣኞችን ይዞ የሚቀርብባቸውን ምሽቶች፣ ጊዜ ሰጥቶ ያድምጥ፤ እኔም አድማጭ ሆኜ እቀጥላለሁ። የታክቲክ ትንታኔውን ግን የሚፈልግ ሰው ወደ ደጋፊዎቹ ግሩፖች ሄዶ ከነሙሉ አንቀጹ ቢያነበው ይሻለዋል፤ ያልገባውን ቢጠይቅ ጸሐፊው ራሱ ይመልስለታል። ሳካ ለምን ከቀኝ እንደሚያሻማ የጠየቀው አድማጭ ይህን ካነበበ መልሱ ከላይ ተጽፏል፤ ሁለቱ ተቀያይረው ቢመቱ ምን ይሆናል ላለውም ኳሱ ከግቡ ርቆ ስለሚታጠፍ ግብ ጠባቂው ለመውጣት ይቸገራል፤ አጥቂው ግን ኳሱን ፊት ለፊት ተጋፍጦ በኃይል የመምታት ዕድል ያገኛል።